ከቆሻሻ ክምር ወደ ዓለም ቅርስ፦ የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የድንጋይ ካባዎች ጉዳይ

## ጉዳዩ

እ.ኤ.አ. በ1951 በሰሜን ዌልስ የስኖውዶኒያ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል፣ ወሰኑን ያሰመሩት ባለሙያዎች በፓርኩ መሀል አንድ ቀዳዳ ትተው አለፉ። በቀዳዳው ውስጥ ያለችው ብላይናይ ፌስቲኒዮግ የምትባል ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው ተራራና ሸለቆ ሁሉ ፓርክ ሲሆን እሷ ብቻ ከውጭ ቀረች። ከቤቶቿ ጀርባ ከሰሌዳ ድንጋይ ካባዎች የተጣለ፣ ኮረብታ የሚያህል የተሰባበረ ድንጋይ ተቆልሎ ስለነበር ለብሔራዊ ፓርክ ውበት አትመጥንም ተብሎ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 28 ቀን 2021፣ ያው ቁልል ከነጉድጓዱ፣ ከነሐዲዱና ከነሠራተኛ መንደሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ዓመታት መካከል የተደረገውን ይመዘግባል። በሥራው የተሳተፉት ሰዎች በስም አልተጠሩም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ መመዝገብ የሚገባው፣ የድንጋይ ካባን መጠበቅ ሕንፃን ከመጠበቅ የሚከብድበትን ምክንያት በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። አሮጌ ቤተ መንግሥት ሲፈርስ ሰው ይጮኻል፣ ጋዜጣ ይጽፋል። የካባ ጥራጊ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ግን የሚታየው ጽዳት ነው፤ ጉድጓድ ሲደፈንም ልማት ይመስላል። ጥፋቱ መልካም ሥራ ለብሶ ስለሚመጣ ጠባቂው አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ነገር አለ፦ ጉድጓድና ክምር ዋጋ እንዳላቸው ማሳመን። በዌልስ ይህ ማሳመን ብቻውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

## ዳራ

የሰሌዳ ድንጋይ ከጥንታዊ የጭቃ ደለል ተፈጥሮ በምድር ውስጥ በግፊትና በሙቀት የጠነከረ ድንጋይ ነው። ልዩ ጠባዩ በአንድ አቅጣጫ ወደ ስስ ገጽ መሰንጠቁ ነው። ውሃ አያስገባም፣ ውርጭ አይበግረውም፣ እሳት አይበላውም። ስለዚህ ለጣሪያ ክዳን ተወዳዳሪ አልነበረውም። በዌልስ ሮማውያን ሳይቀሩ በሴጎንቲየም ምሽጋቸው ተጠቅመውበታል። ትልቁ ዘመኑ ግን ከ1780 እስከ 1914 ያለው ነው። የእንግሊዝ ከተሞች በኢንዱስትሪ አብዮት ሲያብጡ ቤቶቻቸው በዚህ ድንጋይ ተከደኑ። በ1831 በባሕር በሚጓዘው የሰሌዳ ድንጋይ ላይ የነበረው ቀረጥ ሲነሣ ገበያው ሰፋ፤ በ1842 ሐምቡርግ በእሳት ስትጋይ ለመልሶ ግንባታው ጀርመን ሌላ ትልቅ ገዢ ሆነች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዓለም የጣሪያ ሰሌዳ ሲሶ ያህሉ የሚወጣው ከእነዚህ ተራሮች ነበር። ምርቱ ጣሪያ በነካበት በ1898 ወደ 17,000 ሠራተኞች 485,000 ቶን ያህል አወጡ።

የሥራው እምብርት የሰንጣቂው እጅ ነው። ሰንጣቂው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ድንጋዩን ጭኑ ላይ ያስደግፋል። አፉ ሰፊና ስስ የሆነውን መሮ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያሳርፍና በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጎ ይመታዋል። መሮው ገባ ሲል ወዲህና ወዲያ ያወዛውዘዋል፤ ድንጋዩም ለሁለት ይከፈላል። ግማሹን እንደገና ለሁለት፣ ያንንም እንደገና ለሁለት እያደረገ ጣሪያ ላይ የሚደረደር ስስ ሰሌዳ እስኪሆን ይቀጥላል። ድንጋዩ ከተራራው እንደወጣ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ካልተሰነጠቀ እንቢ ይላል። ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቆየ ነው። ዛሬም እሱን ሙሉ በሙሉ የተካ ማሽን የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ግን ብዙ ነው። ለአንድ ቶን ሰሌዳ 10 ቶን፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ጥራጊ ይጣላል። ስለዚህ ክምሩ ከምርቱ እጅግ ይገዝፋል። ክምሩን ማንበብ ለሚችል ሰው የትኛው እርከን በየትኛው ዘመን እንደተቆፈረ፣ ሐዲዱ በየት በኩል ዞሮ ጥራጊውን እንደገለበጠ፣ ካባው መቼ እንደበለጸገና መቼ እንደደኸየ በላዩ ተጽፎ ይገኛል።

ሠራተኞቹ በደመወዝ ብቻ የሚተዳደሩ አልነበሩም። ትናንሽ ቡድኖች የተራራውን አንድ ክፍል ይዘው ከካባው ተቆጣጣሪ ጋር በየወሩ ዋጋ ይደራደሩ ነበር። ድንጋዩ ጥሩ ሆኖ ከወጣ ያተርፋሉ፤ ክፉ ሆኖ ከወጣ ወሩን በባዶ ይጨርሳሉ። ምሳቸውን የሚበሉበት ጎጆ ምግብ ቤትም፣ የክርክር መድረክም፣ የግጥም ውድድር ቦታም ነበር። በ1874 የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። በ1884 የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከቀን ገቢያቸው ቆርሰው ካዋጡት መካከል የካባ ሠራተኞች ይገኙበታል። በዲኖርዊግ ካባ ላይ ደግሞ ከአንግልሲ ደሴት የሚመጡ ሠራተኞች ሳምንቱን ሙሉ የሚያድሩባቸው 22 ማደሪያ ቤቶች ነበሩ። በ1948 የጤና ተቆጣጣሪ ድንገት መጥቶ ለሰው መኖሪያ አይሆንም ብሎ ዘጋቸው። ግድግዳቸው ዛሬም ቆሟል።

ሌላው የዳራው ክፍል መራራ ነው። የፔንሪን ካባ ባለቤት የነበረው ቤተሰብ ሀብቱን ያካበተው በጃማይካ የሸንኮራ እርሻዎች በባርነት ይሠሩ በነበሩ አፍሪካውያን ጉልበት ነው። ያ ገንዘብ ካባውን፣ መንገዱንና ወደቡን ገነባ። ከካባው ትርፍ ደግሞ ቤተሰቡ የፔንሪንን ግዙፍ ግንብ ቤት ሠራ። በ1900 በዚሁ ካባ 2,800 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ፤ አድማው እስከ 1903 ቆየ። በቤቶቹ መስኮት ላይ «በዚህ ቤት ከሐዲ የለም» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። አድማውን ትቶ የተመለሰና ያልተመለሰ ቤተሰብ ለትውልድ ተቀያየመ።

## ችግሩ

ከአድማው በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶችና ርካሽ የጣሪያ ክዳኖች የቀረውን አዳከሙት። በ1969 ዲኖርዊግ በድንገት ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት በናንትሌ ሸለቆ ያለው የዶሮቲያ ካባ ተከተለ። አንድ ካባ ሲዘጋ የመጀመሪያው አደጋ ብረታ ብረት ነው። ሐዲዱ፣ ጋሪው፣ መጋዙ፣ ማንሻው በጨረታ ለቁርጥራጭ ይሸጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚቀረው ድንጋይ ብቻ ይሆናል፤ ድንጋዩ ደግሞ ያለ መሣሪያው ምን እንደነበረ አይናገርም።

ሁለተኛው አደጋ ከፍርሃት መጣ። በ1966 በደቡብ ዌልስ አበርቫን መንደር የከሰል ማዕድን ጥራጊ ክምር ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ፤ 144 ሰዎች ሞቱ፣ ከእነሱም 116ቱ ልጆች ነበሩ። በ1969 የክምሮችን ደኅንነት የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ፣ የተተዉ የኢንዱስትሪ ቦታዎችን ማስተካከልም የመንግሥት ሥራ ሆነ። ሕጉ ተገቢ ነበር፤ ከዚያ ሐዘን በኋላ ማንም ሌላ አይጠብቅም። የሰሌዳ ድንጋይ ክምር ግን ከከሰል ክምር ጋር በአንድ ዓይን መታየት ጀመረ፤ ክምር የተባለ ሁሉ መደልደል ያለበት መሰለ።

ሦስተኛው የግብር ጉዳይ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ሰው ያላስተዋለውም እሱ ነው። በ2002 ብሪታኒያ ከተፈጥሮ በሚወጣ የግንባታ ጠጠርና አሸዋ ላይ በቶን 1.60 ፓውንድ ቀረጥ ጣለች። ዓላማው አዲስ ተራራ ከመቆፈር ይልቅ ያለውን መጠቀም ነው፤ ስለዚህ የሰሌዳ ድንጋይ ከቀረጡ ነፃ ተደረገ። ለአካባቢ ጥበቃ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለካባ ታሪክ ግን የቆየው ክምር ለመንገድ ሥራ በርካሽ የሚገኝ ጠጠር ሆነ ማለት ነው። ሁለት ደግ ዓላማዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚላተሙ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከእነዚህ ሁሉ በታች ያለው ችግር የሰው አመለካከት ነው። አባቱ በድንጋይ አቧራ ሳንባው ታሞ የሞተበት ሰው ያንን ተራራ ቅርስ ብሎ ለመጥራት ይከብደዋል። ለአቧራ ሕመሙ ካሣ የሚያስገኘው ሕግ የወጣው በ1979 ነው፤ ብዙዎቹ ሳያዩት ሞተዋል። ቦታውን «እንጠብቅ» የሚል ሰው ይህን ሳያነሣ ቢጀምር የሚሰማው አያገኝም ነበር።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

### ከመንግሥት በፊት የቀደሙት

የመጀመሪያው ጥበቃ የመጣው ከሐዲድ ወዳጆች ነው። ከብሪንኤግልዊስ ካባ ድንጋይ ያወርድ የነበረው የታሊሊን ባቡር ባለቤቱ በ1950 ሲሞት ሊዘጋ ነበር። በጎ ፈቃደኞች ማኅበር መሥርተው በ1951 ራሳቸው አስኬዱት፤ በዓለም በበጎ ፈቃደኞች የዳነ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ይህ ነው። ልብ በሉ፦ ፓርኩ ብላይናይን ከወሰኑ ባስወጣበት በዚያው ዓመት ነው።

የፌስቲኒዮግ መስመር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። በ1836 ሲከፈት ሞተር አልነበረውም። ድንጋይ የጫኑት ጋሪዎች ከተራራው እስከ ፖርትማዶግ ወደብ 21 ኪሎ ሜትር ያህል በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ። ባዶውን ሽቅብ የሚጎትቱት ፈረሶች ናቸው፤ ሲወርዱ ግን ፈረሶቹም በራሳቸው ጋሪ ተሳፍረው ይወርዱ ነበር። በ1863 በዚያ ጠባብ ሐዲድ ላይ የእንፋሎት ሞተር ሠራ፣ ከዚያ በኋላ ከብዙ አገር የመጡ መሐንዲሶች ሊያዩት ተመላለሱ። መስመሩ በ1946 ቆመ። በጎ ፈቃደኞች ከ1955 ጀምሮ በየክፍሉ መልሰው ከፈቱት። በዚህ መሀል ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራ ግድብ የመስመሩን አንድ ክፍል ውሃ ውስጥ አስገባው። ተስፋ ቆረጡ ሲባል ኮረብታውን በአብዛኛው በእጅ ጉልበት እየቆፈሩ አዲስ ዙሪያ መንገድ ሠሩና በ1982 እንደገና ብላይናይ ደረሱ።

በዲኖርዊግ የተደረገው ከዚህ በጣም ያጠረ፣ ግን እኩል ወሳኝ ነው። ካባው ተዘግቶ ንብረቱ ለጨረታ ሲቀርብ የካባው የቀድሞ መሐንዲስና ሌሎች የአካባቢው ሰዎች የጥገና ሥራ ቤቱ ከነመሣሪያው እንዲቀር ታገሉ። በ1870 የተሠራውና 15 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ መዘውር፣ የብረት ማቅለጫው፣ የእንጨት ሞዴሎቹ ሳይነቀሉ ቀሩ። በ1972 ቦታው ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፣ የቀድሞ ሠራተኞችም ሥራቸውን ለጎብኚ ማሳየት ጀመሩ። ካባው ከተዘጋ ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ይህ ፍጥነት ባይኖር ኖሮ በ2021 ለዓለም የሚቀርብ ነገር በጣም ያንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሙዚየሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራው አንድ ሥራም መጠቀስ አለበት። ከብላይናይ አጠገብ ሊፈርሱ የነበሩ አራት የሠራተኛ ቤቶችን ድንጋይ በድንጋይ ነቅሎ ወደ ግቢው አመጣና ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ዘመናት መልክ አስጌጣቸው፦ 1861 ሥራው የደራበት፣ 1901 የአድማው ጊዜ፣ 1969 ካባው የተዘጋበት። ጎብኚው ከቤት ወደ ቤት ሲያልፍ የኢንዱስትሪውን መነሣትና መውደቅ በምድጃው፣ በአልጋውና በግድግዳው ሥዕል ያያል። የሠራተኛውን ቤት ከባለቤቱ ግንብ እኩል ክብር መስጠት ማለት ይህ ነው።

### ከክምር ወደ መዝገብ

በ1998 የዌልስ የቅርስ ተቋማት ልዩ ታሪካዊ ዋጋ ያላቸውን መልክዓ ምድሮች መዝገብ አወጡ። ብላይናይ ፌስቲኒዮግ፣ ዲኖርዊግ፣ የኦግወን ሸለቆና የናንትሌ ሸለቆ በዚያ ገቡ። መዝገቡ የሕግ ኃይል አልነበረውም። ያም ሆኖ ፓርኩ በ1951 ያስወጣውን ቦታ የመንግሥት ተቋም «ታሪካዊ መልክዓ ምድር» ብሎ መጻፉ ንግግሩን ለወጠው። ከዚያ በኋላ ክምር ለመደልደል የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት።

በ2012 ቦታው በብሪታኒያ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ ዕጩዎች ዝርዝር ገባ። በ2018 መንግሥት ቀጣይ ዕጩ አድርጎ መረጠው፣ በ2020 መጀመሪያ ሰነዱ ለዩኔስኮ ቀረበ። ሥራውን የመራው የአካባቢው አስተዳደር የሆነው የግዊነድ ምክር ቤት ነው፤ ብሔራዊ ፓርኩ፣ «ካዱ» (Cadw) የተባለው የዌልስ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የባንጎር ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም አብረውት ሠሩ። በአንድ ወቅት ብላይናይን ያገለለው ፓርክ አሁን ከአጋሮቹ አንዱ ሆነ።

የሰነዱ ትልቁ ውሳኔ ምን ይግባ የሚለው ነው። አንድ ውብ ካባ መርጦ ማቅረብ ይቀል ነበር። እነሱ ግን በስድስት አካባቢዎች የተከፋፈለ 3,259 ሄክታር አቀረቡ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሥራ ያቆመ ካባ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ የሄደበት መንገድ አለ፦ ከተራራው ጫፍ ወደ መሰንጠቂያው፣ ከዚያ ወደ ባቡሩ፣ ከባቡሩ ወደ ወደቡ፤ በመሀሉ የሠራተኛው መንደር፣ ጸሎት ቤቱና የባለቤቱ ግንብ። ማዕከሉ ድንጋይ ሳይሆን ግንኙነቱ ነው። ዩኔስኮም የተቀበለው በሁለት መስፈርቶች ነው፤ አንደኛው የቴክኖሎጂና የሰው ልውውጥን፣ ሁለተኛው የአንድ ዘመንን ጉልህ ምሳሌነት የሚመለከት ነው። የዌልስ ሠራተኞች ሙያቸውን ይዘው እስከ አሜሪካ ቬርሞንትና ፔንሲልቬኒያ ካባዎች መሄዳቸው ለመጀመሪያው መስፈርት ጠንካራ ማስረጃ ሆነ።

ከስድስቱ አንዱ የሆነው ጎርሰዳይ ለብቻው ይነሣ። በ1850ዎቹ ባለሀብቶች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ካባ፣ ባቡር፣ መንደርና ባለ ሦስት ፎቅ ትልቅ የድንጋይ መሰንጠቂያ ሠሩ። ድንጋዩ ግን ጥሩ አልነበረም፣ በ10 ዓመት ገደማ ሁሉም ተዘጋ። መሰንጠቂያው ዛሬ ጣሪያው ጠፍቶ እንደ ፈረሰ ገዳም ብቻውን በሸለቆው ቆሟል። አዘጋጆቹ ይህን ኪሳራ ማስገባታቸው የሚደነቅ ነው። ስኬትን ብቻ የሚመዘግብ የኢንዱስትሪ ታሪክ ግማሹን ይደብቃል፤ ጎርሰዳይ ላይ ሰው ቤቱን ትቶ፣ ሥራውን ከስሮ ሄዷል።

## የሠራው

በጣም የሠራው ሕጉ አስቀድሞ መኖሩ ነው። አዲስ መከለያ ቀጣና አልተሠራም፤ ብዙው ዙሪያ ገባ በብሔራዊ ፓርኩ፣ በተመዘገቡ ጥንታዊ ቅርሶች፣ በተጠበቁ ሕንፃዎችና በአካባቢው የግንባታ ፈቃድ ደንብ ጥላ ሥር ነበር። ያስፈለገው እነዚህን ማያያዝና ለፈቃድ ሰጪዎች መመሪያ መጻፍ ነው። ከባዶ የሚጀምር አገር ይህን ዕድል አያገኝም።

ለገንዘብም በር ተከፈተ። በጃንዋሪ 2023 የብሪታኒያ መንግሥት ለሙዚየሙ፣ ለኦግወን ሸለቆና ለብላይናይ ሥራዎች 18.8 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ሙዚየሙ በኖቬምበር 2024 ለትልቅ እድሳት ተዘጋ።

የሚገርመው ግን ከሁሉም በላይ የሠራው የቦታው ሰው በራሱ ቋንቋ መናገሩ ነው። ካባው በዌልስኛ የሚሠራ፣ የሚከራከር፣ የሚዘፈንበት ቦታ ነበር። ዲኖርዊግ ውስጥ እርከኖቹ ሠራተኞቹ ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ የተባሉ ሳይቀሩ አሉ። እነዚህ ስሞች በካርታ ላይ እንዲቀሩ፣ ታሪኩም በዌልስኛ እንዲነገር መደረጉ ቅርሱን ከጎብኚ ዕቃነት አድኖታል።

## ያልሠራውና ገና ያልተፈታው

መዝገቡ የሚናገረው ሥራ ስላቆሙ ካባዎች ነው፤ አጠገባቸው ግን ዛሬም ድንጋይ የሚያወጡ አሉ፣ ፔንሪንም አንዱ ነው። ይህ በአንድ በኩል ጸጋ ነው፤ የሰንጣቂው ጥበብ በሙዚየም ብቻ እንዲኖር አልተፈረደበትም። በሌላ በኩል ግን የሚሠራ ካባ በባሕርይው ራሱን ይበላል፤ የዛሬው ቁፋሮ የትናንቱን እርከን ያጠፋል። መስመሩ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በየፈቃዱ እንደ አዲስ ይነሣል። የጠጠር ገበያውም አልጠፋም።

ቱሪዝሙ ሁለት ፊት አለው። በፔንሪን ካባ ላይ በ2013 በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚበረርበት ጨዋታ ተከፈተ፤ በብላይናይ ዋሻዎችም ሌሎች ተጨመሩ። ለወጣቱ ሥራ አምጥተዋል፣ ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ሰው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የሚያልፍበትን እርከን የቆፈረው ማን እንደሆነ የሚነግረው ካላገኘ ካባው ገደል ብቻ ይሆንበታል።

ከዚህ የከፋው የቤት ጉዳይ ነው። አካባቢው ሲታወቅ የዕረፍት ቤት ፈላጊው በዛ። የግዊነድ ምክር ቤት ከ2021 ጀምሮ በሁለተኛ ቤቶች ላይ የቤት ግብሩን በእጥፍ አስከፈለ፤ በ2023 ተጨማሪውን ወደ 150 በመቶ አሳደገው። የሠራተኛ መንደር ቅርስ የሚሆነው የሠራተኛ ልጅ መኖር ከቻለበት ነው። ቤቶቹ ከነሰሌዳ ጣሪያቸው ተጠብቀው በውስጣቸው የሚያድር የአካባቢው ሰው ከታጣ፣ ጥበቃው የተሳካው ለድንጋዩ ብቻ ነው።

የፔንሪን ግንብም ገና ቁስል ነው። ከ1951 ጀምሮ በብሔራዊ ቅርስ ማኅበር እጅ ያለና ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ይሁንና ከካባው አጠገብ ባለችው በቤተስዳ ከተማ የአድማውን ትዝታ የያዙ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ደጁን አልረገጡም። የባርነቱ ታሪክ ደግሞ በግልጽ መነገር የጀመረው ዘግይቶ ነው። ግንቡ በመዝገቡ መግባቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ እሱ ትርፉ የት እንደሄደ አይታይም። የጃማይካው ወገን ግን በካባው ታሪክ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሆኖ መቅረት የለበትም። የመጀመሪያው ካፒታል እሱ ነው።

ደኅንነትም አለ። በውሃ የተሞላው የዶሮቲያ ጉድጓድ 100 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ጠላቂዎች ሞተውበታል።

## ወደ ሌላ ካባ የሚወሰደው

አንደኛ፣ ካባ በተዘጋ ማግሥት መሣሪያውን ያዙ። ድንጋዩ ይጠብቃል፤ ብረቱና የሠራተኛው ትዝታ አይጠብቁም። በዲኖርዊግ የሦስት ዓመት ፍጥነት ያዳነውን የሃምሳ ዓመት ጥናት መልሶ አያመጣውም። የመጨረሻዎቹ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ የእርከኖቹን ስም፣ የመሣሪያውን አያያዝ፣ የአደጋውን ታሪክ በድምፅ መቅዳት ከማንኛውም አጥር ይቀድማል።

ጥራጊውን ሳታዩት አትለፉ። በማንኛውም ጥንታዊ ካባ ላይ በከፊል ተጠርበው የተጣሉ፣ ተሰንጥቀው የከሸፉ ድንጋዮች የሥራውን ሂደት ከተጠናቀቀው ሐውልት አብልጠው ያሳያሉ። ክምር ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ይለካ፣ በካርታ ይስፈር። ደኅንነቱ የሚያሰጋ ከሆነም መልሱ መደልደል ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ማስወረድና እግሩን መደገፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ወሰን ሲሰመር ጉድጓዱን ብቻ አትክበቡ። መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ማውረጃው፣ ድንጋዩ የደረሰበት ቦታ አብረው ካልገቡ የቀረው ትርጉም የለሽ ገደል ነው። ስፋቱ የማይቻል ከሆነ ዌልስ እንዳደረገችው በተነጣጠሉ ክፍሎች ማቅረብ ይቻላል።

የዓለም መዝገብን እንደ መጨረሻ አትቁጠሩት፤ አንዴ የተሰጠ ይነጠቃልና። የዌልስ ካባዎች በገቡበት በዚያው ጉባኤ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ የብሪታኒያዋ ከተማ ሊቨርፑል በወደቧ ላይ በተሠሩ አዳዲስ ግንባታዎች ምክንያት ከመዝገቡ ተሰርዛለች። የብሔራዊ ሕግና የአካባቢ ፈቃድ ደንብ ጥርስ ከሌላቸው የዩኔስኮ አርማ ብቻውን አንድ ቁፋሮ አያስቆምም።

አሁንም ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ከሆነ፣ ከባለፈቃዱና ከሠራተኞቹ ጋር የሚደረገው ንግግር ከካርታው በፊት ይሁን። የትኛው ግንባር እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደማይነካ፣ በቁፋሮ መሀል አሮጌ መሣሪያ ወይም ግንብ ቢገኝ ማን እንደሚጠራና ሥራው ለስንት ቀን እንደሚቆም፣ በእነዚያ ቀናት የሠራተኛው ደመወዝ ከማን እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስፈር። የመጨረሻው ነጥብ ካልተመለሰ የተገኘውን ነገር አይቶ ዝም የሚለው ሠራተኛ ይበዛል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።